ሦስት ሳምንት በቡድን፣ አንድ ሳምንት ለብቻ፦ የሉክ አሄድ የክብደት ቅነሳ ቡድኖች የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በ16 የሕክምና ማዕከላት የተጀመረው «ሉክ አሄድ» የተባለ ጥናት ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን 5,145 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ጠንካራ የክብደት ቅነሳ ድጋፍ አገኘ፤ ሁለተኛው የተለመደውን የስኳር ሕመም ትምህርትና ድጋፍ። ስለ ጥናቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሁለቱም ወገኖች በቡድን ይሰበሰቡ የነበረ መሆኑ ነው። የትምህርቱ ወገን በዓመት ሦስት ጊዜ እየተገናኘ አንዴ ስለ አመጋገብ፣ አንዴ ስለ አካል እንቅስቃሴ፣ አንዴ ደግሞ እርስ በርስ ስለ መደጋገፍ ይወያያል። በአንደኛው ዓመት ማብቂያ ይህ ወገን ከክብደቱ በአማካይ 0.7 በመቶ ቀነሰ። ያኛው 8.6 በመቶ።

ሰው ሰብስቦ ማስተማር በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብሎ ለሚያስብ ሁሉ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በቂ መልስ ናቸው። በዓመት ሦስቴ ከሆነ አይቀንስም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ያመጣው ስብሰባው በስንት ጊዜው እንደሚደረግ፣ ከስብሰባው በፊት ሚዛን ላይ መወጣቱ፣ ከአንዱ ስብሰባ እስከ ሌላው ባለው ሳምንት ምን እንደሚጻፍ፣ የተጻፈውንም ማን አንብቦ እንደሚመልሰው ነው። የቡድን ድጋፍ ለመጀመር የሚያስብ ጤና ጣቢያ፣ ማኅበር ወይም ቤተሰብ ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

እነማን ገቡ

ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 76፤ የክብደትና የቁመት ንጽጽራቸው (ክብደት በኪሎ ግራም፣ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ) 25 እና ከዚያ በላይ፣ ኢንሱሊን ለሚወስዱ 27 እና ከዚያ በላይ። በተግባር ግን አማካዩ 36 ገደማ ነበር፤ ማለትም ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 98 ኪሎ ሲመዝን ማለት ነው። ስድሳ በመቶ የሚጠጉት ሴቶች ነበሩ። ከ160/100 ያላነሰ የደም ግፊት ያለበት፣ የሦስት ወር የስኳር አማካዩ (ሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ) ከ11 በመቶ በላይ የሆነ ሰው አልገባም። ከመግባቱ በፊትም ሁሉም በመሮጫ ማሽን ላይ የልብ ፍተሻ ተደረገለት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወንፊት ነበር፤ ውጤቱን ለሚያነብ ሰው ትልቅ ትርጉም ያለው ወንፊት ነው። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አመልካቹ ለሁለት ሳምንት የበላውንና የተንቀሳቀሰውን በየቀኑ መጻፍ ነበረበት። ያልጻፈ አይገባም። ስለዚህ 8.6 በመቶ የተባለው ውጤት የመጣው መጻፍ እንደሚችሉ አስቀድመው ካሳዩ ሰዎች ነው። ከተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ በዘፈቀደ ተጠርተው ከሚመጡ ሰዎች ተመሳሳይ ቁጥር የሚጠብቅ አስተባባሪ በሦስተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል። ወንፊቱ ግን ለማንም ጠቃሚ ነው፤ ፈቃደኝነትን በቃል ከመጠየቅ ይልቅ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ማየቱ የቡድን ቦታ እንዳይባክን ያደርጋል።

የወሩ አሠራር

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። በወሩ ሦስት ሳምንት በቡድን፣ በአራተኛው ሳምንት ለብቻው ከአማካሪው ጋር። ቡድኑ ከ10 እስከ 20 ሰው ይይዛል፤ ስብሰባው ከ60 እስከ 75 ደቂቃ፣ የግሉ ቀጠሮ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ወደ ሁለት የቡድንና አንድ የግል ቀጠሮ ይወርዳል። በዓመቱ በድምሩ 42 ቀጠሮ ይሆናል፤ ተሳታፊዎቹም በአማካይ 35 ያህሉን ተገኝተዋል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሳምንቱን እንደማይዘለው ያለ ነገር ነው፤ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ፣ የመቅረቱ ወሬም ቶሎ ይሰማል።

ቡድኑ ዝግ ነበር። አብረው የጀመሩ አብረው ይቀጥላሉ፤ በአሥረኛው ሳምንት አዲስ ሰው አይጨመርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ይፈልጋል፣ የቆየው ደግሞ ሰልችቶታል፤ አማካሪው ለሁለቱም ሲናገር ለማንም አይናገርም። ዝግ ቡድን የራሱ ችግር አለው፤ ጥቂት ሰዎች ካቋረጡ ይሳሳል። ለዚህ ነው ከስምንት ሰው በታች መጀመር የማያዋጣው፤ ሁለቱ ታመው ሁለቱ ከቀሩ የቀሩት አራት ሰዎች ቡድን መሆናቸው ያበቃል።

የአንዱ ስብሰባ አካሄድ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሚዛን፤ ለየብቻ፣ ከስብሰባው ክፍል ውጭ፣ ቁጥሩን አማካሪውና ባለቤቱ ብቻ እያዩት። ቀጥሎ ሳምንቱ እንዴት እንደሄደ እያንዳንዱ ይናገራል፦ ስንት ቀን ጻፍኩ፣ ስንት ደቂቃ ተራመድኩ፣ የት ላይ ተሰናከልኩ። ይህ ክፍል የስብሰባውን ግማሽ ሊወስድ ይችላል፤ ሊወስድም ይገባዋል። ከዚያ የሳምንቱ ርዕስ ይመጣል፤ ከቤት ውጭ መብላት፣ ግብዣ ላይ እንቢ ማለት፣ ሲከፋ መብላት የመሳሰሉት። መጨረሻ ላይ ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ይወስናል። «እንቅስቃሴ እጨምራለሁ» አይቆጠርም፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ» ይቆጠራል።

ልምድ የሌለው መሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ርዕሱን ትምህርት አድርጎ ሙሉውን ሰዓት ያስተምራል። የሚያስተምረው እውነት ነው፣ ሰዎቹም በጥሞና ይሰማሉ፣ ደስ ብሏቸውም ይሄዳሉ። የሚመለሱት ግን ማስታወሻ ሳይጽፉ ነው፤ ምክንያቱም ማስታወሻቸውን የጠየቃቸው የለም። የሉክ አሄድ አማካሪዎች የሥነ ምግብ፣ የሥነ ልቦናና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው ትልቁ ክፍል ግን የተጻፈውን ማስታወሻ ሰብስቦ፣ በየገጹ ጥግ አጭር አስተያየት ጽፎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መመለስ ነበር።

በወር አንዴ የሚደረገው የግል ቀጠሮ ለምን አስፈለገ? ሰው በሃያ ሰዎች ፊት የማይናገረው ነገር አለው፤ ሌሊት ተነስቶ መብላት፣ መጠጥ፣ በትዳር ያለ ጠብ፣ የመድኃኒት ዋጋ። ቡድን የሳምንቱን ምት ይጠብቃል፤ የግሉ ቀጠሮ ደግሞ ያንን ሰው ያሰናከለውን ነገር ያገኛል። ከዚህ ጥናት በፊት የነበረው ታዋቂው የስኳር መከላከያ ፕሮግራም በአብዛኛው በግል ቀጠሮ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሉክ አሄድ ወደ ቡድን ያዘነበለው ወጪው ስለሚቀንስና በቡድን የታገዙ ሰዎች፣ የግል ቀጠሮን የሚመርጡትም ጭምር፣ የተሻለ እንደሚቀንሱ ቀደም ብሎ ስለታየ ነው።

ምግቡ

ክብደቱ ከ114 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ኪሎ ካሎሪ፣ ለከበደው ከ1,500 እስከ 1,800። ከዚህ ውስጥ ከቅባት የሚገኘው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከጮማና ከቅቤ ዓይነቱ የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ፕሮቲኑ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሆን ነበር የታዘዘው። የክብደት ግቡ ለእያንዳንዱ ሰው 10 በመቶ ነበር፤ ለቡድኑ አማካይ ግን 7 በመቶ። ይህ የሁለት ቁጥር ብልሃት ነው። አንዳንዱ እንደማይደርስ ይታወቃል፣ ስለዚህ አማካዩ ሰባት እንዲደርስ ከሁሉም ሰው አሥር ይጠየቃል።

ከሁሉም በላይ ሥራ የሠራው ግን ምግብ ተኪው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሦስቱ ማዕዶች ሁለቱ (ብዙ ጊዜ ቁርስና ምሳ) በሼክ (ካሎሪው ተለክቶ በጣሳ በሚቀርብ መጠጥ)፣ አንድ መክሰስ ደግሞ በታሸገ ባር ይተካ ነበር፤ እራት የቤት ምግብ ሆኖ አትክልትና ፍራፍሬ ይጨመርበታል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በቀን አንድ ማዕድ ብቻ ይተካል። ስሊም ፋስት፣ ግሉሰርና፣ ኦፕቲፋስትና ኤች ኤም አር የተባሉት ምግብ ተኪዎች ለተሳታፊዎቹ በነጻ ይሰጡ ነበር። ሼክ የማይወድ ሰው ምን ያህል ምን እንደሚበላ በዝርዝር የተጻፈ የሳምንት ዝርዝር ይወስዳል።

ሼኩ ምትሃት የለውም። ሰው የበላውን ሲገምት አሳንሶ ይገምታል፤ ይህ በማንኛውም አገር ያለ ነው፤ ከመጠን በላይ ውፍረት ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ጣሳው ላይ ካሎሪው ተጽፏል፣ ጣሳው አንድ ነው፣ ጭማሪ የለውም። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ግምት ከሥሩ ይጠፋል፤ ምርጫም ይጠፋል፣ ምርጫ ባለበት ደግሞ ድርድር አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሼኩን አዘውትረው የተጠቀሙት ከማይጠቀሙት ይልቅ ግባቸውን የመምታት ዕድላቸው በብዙ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በስብሰባ መገኘትና በእግር መሄድም እንዲሁ።

እግሩ

እንቅስቃሴው በአብዛኛው ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው፤ ቤት አካባቢ፣ ያለ ጂምናዚየም። ጅማሬው በሳምንት 50 ደቂቃ ነበር፤ በቀን አሥር ደቂቃ ለአምስት ቀን። በስድስተኛው ወር 175 ደቂቃ መድረስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ እስከ ሩብ የሚሆነው በክብደት ማንሳት ዓይነት እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። የእርምጃ መቁጠሪያ ይታደላል፤ በየሳምንቱ በቀን 250 እርምጃ እየተጨመረ እስከ 10,000 ይኬዳል። ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የማይፈራው ጭማሪ ነው። ከዚህ በፍጥነት የጨመረ ቡድን በአራተኛው ሳምንት ተረከዝና ጉልበት ማከም ይጀምራል።

ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ እግር የራሱ ሕግ አለው። የነርቭ ጉዳት ካለ ጫማው ሲያቆስለው አይሰማውም። ስለዚህ ጫማ ከመልበስ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ ከጉዞ በኋላ ካልሲ አውልቆ መርገጫውንና የጣቶቹን መሃል ማየት፣ ዓይን የማያይ ከሆነ ቤተሰብ እንዲያይ ማድረግ የስብሰባው ቋሚ ጥያቄ መሆን አለበት። ቁስል ያለበት ሰው በዚያ ሳምንት አይራመድም፤ ተቀምጦ የሚሠራ የክንድ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል፣ ለሐኪምም ይታያል።

መድኃኒቱ፦ አደጋው ያለበት ቦታ

የክብደት ቅነሳ ቡድን ለጤነኛ ሰው ከሚደረገው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ምግብ በግማሽ ሲቀነስ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊመፒራይድና ግሊፒዛይድ ያሉ እንክብሎች መጠናቸው ሳይቀነስ ከቀጠሉ ስኳሩ ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን አያደርግም ማለት ይቻላል። በሉክ አሄድ መድኃኒቱን የሚያዝዘው የሰውየው የራሱ ሐኪም ነበር፤ ስኳር እንዳይወርድ ለማድረግ የሚደረገውን ጊዜያዊ ቅነሳ ግን የጥናቱ ሠራተኞች ራሳቸው ያደርጉ ነበር። ያን ሥልጣን ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ እስኪገኝ ድረስ ማቆየት አይቻልም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ራሱ አደገኛ ነውና።

በሐኪም የማይመራ ቡድን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። አንድ፦ የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት ዝርዝር፣ ከምግብ ቅነሳው በፊት ለሐኪሙ ደርሶ መጠኑ የተወሰነ። ሁለት፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢንሱሊን ወይም ከላይ የተጠቀሱትን እንክብሎች የሚወስዱ ሰዎች ጠዋትና ከጉዞ በፊት ስኳራቸውን እንዲለኩ። ሦስት፦ በስብሰባው ቦታ የስኳር መለኪያና የተበጠበጠ ስኳር። ልኬቱ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጥኖ የሚሠራ ጣፋጭ፣ በግምት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ ዳግመኛ መለካት። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ይታያል፤ ክብደት ሲወርድ ግፊቱም ይወርዳል፣ ሰውየው ከመቀመጫው ሲነሳ ዓይኑ ከጨለመበት የመድኃኒቱ መጠን በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌላ ስውር ችግር አለ። ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ደጋግሞ ይበላል፤ የቀነሰውንም በዚያው ይመልሳል። ኢንሱሊን ራሱም ክብደት የመጨመር ጠባይ አለው። በሉክ አሄድ ኢንሱሊን የሚወስዱት በአንደኛው ዓመት 7.6 በመቶ፣ የማይወስዱት 8.7 በመቶ ቀነሱ። ልዩነቱ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው፤ «ኢንሱሊን ላይ ስላለሁ አይቻለኝም» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር ሊነገረው ይገባል።

ለቆመባቸው

ሁሉም እኩል አይሄድም። ግቡ ላይ ላልደረሰ ሰው አማካሪው የሚመዝዘው «የመሣሪያ ሳጥን» የሚባል ዝርዝር ነበረው፤ ተጨማሪ የግል ቀጠሮ፣ የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ፣ ለእንቅስቃሴ የሚረዳ ዕቃ፣ የጽሑፍ ስምምነት። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ ቅባት እንዳይመጠጥ የሚያደርገው ኦርሊስታት የተባለ እንክብል ይጨመር ነበር። ብዙም ስላልረዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ተወ። ዛሬ ያሉት ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች በዚያን ጊዜ አልነበሩም፤ ስለዚህ የአንደኛው ዓመት ውጤት የመድኃኒት ውጤት አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ሲዘጋ ከጠንካራ ድጋፉ ወገን 55.2 በመቶ የሚሆኑት 7 በመቶና ከዚያ በላይ፣ 37.8 በመቶ የሚሆኑት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰዋል። የሦስት ወር የስኳር አማካያቸው ከ7.3 ወደ 6.6 ወረደ፤ የሌላው ወገን ከ7.3 ወደ 7.2። ከመቶው 11.5 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመሙ ወሰን በታች ሆኖ ተገኘ፤ በትምህርቱ ወገን ይህ 2 በመቶ ነበር። ሕመሙ ከተገኘባቸው ብዙ ያልቆዩት የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

ቀጠሮው ሲሳሳ

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ዓመት ሳምንታዊው ቡድን ቀረ። በወር አንድ የግል ቀጠሮ፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ ወይም በኢሜይል አንድ ጥያቄ፣ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆዩ የማደሻ ቡድኖችና ማዕከላቱ እርስ በርስ የሚፎካከሩባቸው ዘመቻዎች። ክብደቱ ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም። በአራተኛው ዓመት ከመነሻው ሲነጻጸር 4.7 በመቶ፣ በስምንተኛው ዓመትም 4.7 በመቶ ቅነሳ ቀርቶ ነበር። የትምህርቱ ወገን በስምንተኛው ዓመት 2.1 በመቶ ደርሷል።

ክብደት የሚመለሰው ሰው ስለሰነፈ ብቻ ነው የሚለው ንግግር መቅረት አለበት። የቀነሰ አካል ሲያርፍ የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል፣ የረሃብ ሆርሞኖቹ ይጨምራሉ፣ የጥጋቡ ምልክት ይደክማል፤ ይህም ለወራት ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በአሥራ ሁለተኛው ወር «ጨረስን፣ ተመረቅን» ብሎ ቡድኑን መበተን የሰውየው ሰውነት አጥብቆ በሚታገልበት ሰዓት ድጋፉን መውሰድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ በስምንተኛው ዓመትም 10 በመቶውን እንደያዙ የቆዩት 39.3 በመቶ ነበሩ፤ ሌሎች 25.8 በመቶ ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ባለው ላይ ቆዩ። የያዙት ካልያዙት ይልቅ በእግራቸው የሚሄዱና ትንሽ የሚበሉ ሆነው ተገኙ፤ የሚያስገርም ነገር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ጥናቱ ቆመ። ዋናው ጥያቄው ክብደት መቀነስ ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና ስትሮክን፣ ከእነርሱም የሚመጣውን ሞት ይቀንሳል ወይ የሚል ነበር። ከ9.6 ዓመት መካከለኛ ክትትል በኋላ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰባቸው በድጋፉ ወገን 403፣ በትምህርቱ ወገን 418 ሰዎች ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ጋዜጦች «ክብደት መቀነስ ለልብ አይጠቅምም» ብለው ጻፉ። ጉዳዩ ግን ከዚያ የረቀቀ ነው። የትምህርቱ ወገን ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶችን የበለጠ ይወስድ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነትም በመጨረሻ ወደ ሁለት ነጥብ ተኩል ገደማ ጠብቦ ነበር (6.0 በመቶ ለ3.5 በመቶ)። የመግቢያው ወንፊትና የልብ ፍተሻው ያስገቧቸውም ከሌላው የስኳር ሕመምተኛ የጠነከሩ ሰዎች ናቸው። ኋላ በተደረገ ትንተና በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት የልብ አደጋቸው በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ታይቷል፤ ይህ ግን የዕጣው ንጽጽር ስላልሆነ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይወሰድም።

ልብን ትቶ ሌላውን ለሚያይ ሰው መዝገቡ ሙሉ ነው። በመራመድ፣ ደረጃ በመውጣት የሚቸገሩት ቁጥር በድጋፉ ወገን በግልጽ ያነሰ ነበር። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የጉልበት ሕመም፣ የሽንት ማምለጥ፣ የድብርት ምልክት ቀንሷል። ለከባድ የኩላሊት ሕመም የመጋለጥ ዕድል በ31 በመቶ ወርዷል፤ ሆስፒታል መተኛትና የመድኃኒት ወጪም አንሷል። ለስልሳ ዓመት ሴት ወይዘሮ ወደ ላይኛው ፎቅ ሳያርፉ መውጣትና ሌሊት ልብስ ሳይረጥብ ማደር ከልብ ስታቲስቲክስ ያነሰ ዋጋ ያለው አይመስልም።

በሌላው በኩል ደግሞ አጥንት አለ። በድጋፉ ወገን የዳሌ፣ የወገብ በታች አጥንትና የላይኛው ክንድ ስብራት በ39 በመቶ የበዛ ነበር። ክብደት ሲወርድ አጥንትም ይሳሳል። ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፉ ሰዎችን የያዘ ቡድን የክብደት ማንሻ እንቅስቃሴን እንደ ተጨማሪ ማየት የለበትም፤ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ በአንድ እግር መቆም ከመጀመሪያው ሳምንት ይግባ። ከዚህ ቀደም በቀላል መውደቅ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ፈጣን ቅነሳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ለሐኪም ይታዩ።

አሠራሩን ወደ እኛ ማዕድ ማምጣት

በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያም ሆነ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይህን መሰል ቡድን ማቋቋም ይቻላል፤ ሦስት ነገሮች ግን እንዳሉ አይገለበጡም።

የመጀመሪያው ሼኩ ነው። ዋጋው ብዙ ነው፣ ወተትም ስላለበት ለጿሚ አይሆንም። ሥራው ግምትን ማጥፋት እስከሆነ ድረስ ያንን ሥራ በሌላ ማሠራት ይቻላል፦ ቁርስና ምሳ በሳምንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መጠኑ አንዴ የተለካ፣ ለምሳሌ በተወሰነ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርብ ምስርና ሰላጣ ከአንድ ቁራጭ እንጀራ ጋር። እንጀራ ከቤት ቤት ስፋቱና ውፍረቱ ስለሚለያይ እያንዳንዱ የራሱን ቤት እንጀራ አንዴ በኩሽና ሚዛን ይመዝን፤ ከዚያ በኋላ «ሩብ» እና «ግማሽ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከትልቁ ገበታ አብሮ የሚበላ ሰው ስንት እንደበላ ሊያውቅ አይችልም፤ ጉርሻው ደግሞ አይቆጠርም። በራስ ሳህን መብላት ለጊዜው ነውር ቢመስልም ለቤተሰቡ ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳት ይበጃል፤ ለዚህ የሚያበስለውን ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ስብሰባ መጋበዝ ያዋጣል። ዘይቱን የምታፈሰው እሷ ናትና። በቡና ላይ የሚቀርበው ቆሎና የሻይ ስኳር በማስታወሻው ላይ ካልተጻፈ፣ ሚዛኑ ለምን እንደቆመ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ሰዎች የጠዋቱን ግሊቤንክላማይድ እንደወትሮው ከዋጡ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ ኢንሱሊን የሚወስዱም እንዲሁ። በረመዳን ቀን ሙሉ የሚጾሙ ሙስሊም አባላትም በዚሁ ጥንቃቄ ውስጥ ናቸው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እያንዳንዱ ሐኪሙን አማክሮ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ይዞ ይምጣ። የጾም ምግብ ከሥጋ ነጻ መሆኑ ከካሎሪ ነጻ አያደርገውም፤ በዘይት የሞላ ሽሮ፣ ዳቦና ሳምቡሳ ክብደት ይጨምራሉ። ስለዚህ በጾም ወራት ማስታወሻው ላይ «ስንት ማንኪያ ዘይት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

ሦስተኛው መጻፍ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አባላት በስልክ ፎቶ አንስቶ ለአማካሪው መላክ ወይም በየምሽቱ ግማሽ ደቂቃ ድምፅ መቅዳት ይሠራል፤ ዋናው ሌላ ሰው ሰምቶ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ መልስ መስጠቱ ነው። ያልመጣ ሰው በዚያው ሳምንት ይደወልለት፤ ሁለት ጊዜ ከቀረ በኋላ የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። እትዬ እገሌ፣ ጋሼ እገሌ ተብለው በሚከበሩበት ቡድን ሚዛኑ በፍጹም በሌሎች ፊት አይሁን፤ ታላላቆች የተዋረዱበት ስብሰባ ለሁለተኛ ጊዜ አይሞላም።

ከዓመቱ በኋላ የማደሻ ቡድኑን ቀን ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር ይቀላል። ለክርስቲያን ቡድን ከዳግም ትንሣኤ ማግስት የሚጀምር ስምንት ሳምንት ተስማሚ ነው፤ የበዓሉ ሥጋና ቅቤ ገና ወገብ ላይ ሳይረጋ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል መቀነስን ግብ አድርጎ።